ከባድ ተብሎ ያልተመዘገበው

(ተጽፎ ያልተላከ)

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእቴቴ አጸደ፣
ሆሳዕና

ሰላምታዬን በምን እንደምጀምረው ጠፋኝ። «ጌታ ያጽናሽ» ብዬ ብጀምር የቀረውን ሳታነቢው ታውቂዋለሽ። በሌላ ደግሞ መጀመር አልቻልኩም።

እቴቴ፣ ኪሩቤል ሞቷል። አንቺ የወለድሽው፣ እኔም በአንድ ጣሪያ ሥር አብሬው ያደግኩት ወንድሜ ሞቷል። እኔ ጋ ሰንብቶ ስደተኞችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስድ መኪና ላይ በወጣ በዚያው ሳምንት መኪናው ከታንዛኒያ ድንበር ከናማንጋ ወዲህ ተገለበጠ። ኪሱ ውስጥ የእኔ ስልክ ቁጥር ስለተገኘ ፖሊስ የደወለው ለእኔ ነው። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ያዕቆብ አብረውኝ ሄዱ። ሬሳ ክፍሉ ውስጥ ፊቱን አላሳዩኝም። «ይቅርብሽ፣ የሚታይ አይደለም» አሉኝ። ያሳዩኝ ጃኬቱን ነው፤ ያንን ቡናማ ጃኬት፣ ከቁልፎቹ አንዱ ሰማያዊ የሆነውን። «አውቀዋለሁ» አልኩ፣ ፈረምኩ። ወደ አገር የሚላክበት ወረቀት ስላልነበረው ከቸርች ሰዎች ጋር ሆነን እዚሁ ቀበርነው።

ይህን ደብዳቤ ለአወቀ ልሰጠው ነበር። አወቀን ታውቂዋለሽ፤ ፓርክላንድስ ሱቅ ያለው፣ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ የሚመላለሰው። ጋሽ ያዕቆብ ግን ደብዳቤውን ከእጄ ላይ ወሰዱት። «ልጄ፣ መርዶ በወረቀት አይሄድም» አሉኝ። «ሰው ነው የሚሄደው። ማልዶ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ እናቲቱን የሚደግፍ ሰው ከጎኗ ከተቀመጠ በኋላ። ሆሳዕና ላሉት ወንድሞች ልንገርና እነሱ ይሂዱላት?»

እምቢ አልኳቸው። ያሳደርኩት እኔ ነኝ፣ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ አፍ መስማት አለብሽ። ሐምሌ ላይ ትምህርቴን ስጨርስ እመጣና በአካል እነግርሻለሁ። እስከዚያ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ ሊኖርብኝ ነው። እንዴት እንደምችለው አላውቅም።

ማዕዶት


ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእቴቴ አጸደ፣

ሰሞኑን ካሳራኒ ላይ ከሚወርደው ዝናብ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የጓሮው እንሰት እንዴት ከረመ? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ስልኬ ተበላሽቶ ድምፅ ስለማያወጣ ለጊዜው በደብዳቤ እንገናኝ፤ አወቀ ያመላልስልናል።

ኪሩቤል እኔ ጋ ሰንብቶ በሰላም ሄዷል። አብራኝ በምትኖረው ልጅ በያኤል ስልክ ከዳሬሰላም ደውሎልኝ ነበር። ደህና ነው። አታስቢ።

«ቆይ አንቺ እዚያ የምትማሪው ምንድን ነው? ሰው ሲጠይቀኝ ፊዚክስ እላለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አፌን እይዛለሁ» ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ ቲቸር፣ ልሞክር። ዓለም የተሠራችባቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው የምናጠናው። እያንዳንዱ ዓይነት ቅንጣት የራሱ መስክ አለው። መስክ ስልሽ የስንዴ ማሳ እንዳይመስልሽ፤ በየቦታው ተዘርግቶ ያለ፣ ሲርገበገብ ቅንጣት ሆኖ የሚታየን ነገር ነው። ስሌቱ በእጅ የማይገፋ ስለሆነ በኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራዋለን።

ፕሮግራሙ ደግሞ በራሱ ምንም አያውቅም። አንቺ የትምህርት መጀመሪያ ቀን ተማሪ እንደምትመዘግቢው እኔም እያንዳንዱን መስክ መመዝገብ አለብኝ፤ ስሙ ማን ነው፣ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ከእነማን ጋር ይነካካል፣ በመጨረሻም ከባድ ነው ወይስ ቀላል። ከባድ ነው ካልኩት ፕሮግራሙ ስሌቱን ሠርቶ ያስወጣዋል፤ እኛ ባለን ጉልበት ከባዱን ቅንጣት ፈጥረን ልናየው አንችልምና። ውጤቱ ላይ ስሙ አይገኝም። ግን እንዲያው ጠፍቶ አይጠፋም፤ የቀሩት ቀላሎች እርስ በርስ የሚነካኩበትን መንገድ ለውጦት ነው የሚሄደው። ያላየነውን ከባድ የምናውቀው በቀሩት ላይ ባደረገው ነው።

የእኔ ሥራ እነዚህን ከባዶች አስተካክሎ መመዝገብ ነው። ይኸው ነው እቴቴ። ሰው ሲጠይቅሽ «የማይታዩ ነገሮች መዝጋቢ ናት» በያቸው።

የሚያስፈልግሽን ጻፊልኝ። ያልሽውን የኬንያ ሻይ ቅጠል በሚቀጥለው እልካለሁ።

ልጅሽ ማዕዶት


ሆሳዕና
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት፣ ባለሽበት ሁሉ የሚያሳድርሽ አምላክ ጥላውን አያንሳብሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኛ ደህና ነን። ሁላችንም ደህና ነን። ስልክሽ ቢጠገንም አትደውዪ፤ ከመስከረም ወዲህ ጆሮዬ ስልክ አልሰማ ብሎኛል። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።

የትምህርትሽን ነገር አንብቤ ለእህቴ ለምርቃት አነበብኩላት። ምርቃት ከዱራሜ መጥታ እኔ ጋ ሰንብታለች፤ ብቻዬን እንዳላድር ብላ ነው። እሷ አልገባትም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ አለኝ። ፕሮግራሙ ከባዱን ሲያስወጣው ቀላሎቹ ያውቃሉ? ወይስ ብቻ ሳይታወቃቸው አካሄዳቸው ይጣመማል? ለተማሪ የሚመለስ ጥያቄ ካልሆነ ተዪው።

ሻይ ቅጠሉን አትላኪ። አሁን ሻይ አልጠጣም። የመዘምራኑንም ልምምድ ለጊዜው ትቼዋለሁ፤ ጉሮሮዬ አልተመቸኝም። የደጃፉ ሣር ከመስከረም ጀምሮ ከሥሩ ተረጋግጦ ደርቋል፤ ለክረምት ካልሆነ የሚያገግም አይመስለኝም። ምን ዓይነት ወሬ ነው የምጽፍልሽ? እንግዲህ ካረጁ በኋላ ወሬ ሣርና ጉሮሮ ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ኪሩቤል ከዳሬሰላም ደወለልኝ ብለሻል። በየትኛው ቀን ነው? ድምፁ እንዴት ነበር? ያለሽን ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። ሌላ የምፈልገው የለም።

አክስትሽ አጸደ


ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣ ሰላምና ጤና ከጓሮሽ እንሰት እኩል ሥር ሰዶ ይቆይልሽ።

ጆሮሽን ሐኪም ይየው፤ እባክሽ እርጅና ነው ብለሽ አትተዪው።

ኪሩቤል የደወለው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀኑን በትክክል አልያዝኩትም። ድምፁ ጥሩ ነበር። እንደ ልማዱ «ፕሮፌሰር» አለኝና ሳቀ። መንገዱ ረዥም ነው ግን ደህና ነኝ አለ። «እማዬን ንገሪያት፣ ጃኬቴ ከብርድ እያዳነኝ ነው» አለ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ለጥያቄሽ መልስ፦ ቀላሎቹ አያውቁም። ማን እንዳጣመማቸው ሳያውቁ ነው የሚጣመሙት። ዶክተር ዋምቡዪ፣ አማካሪዬ፣ ጥያቄሽን ስነግራት ሳቀችና «እናትሽን አምጫትና ታስተምር» አለች። አክስቴ ናት ብላት «ያው ነው» አለችኝ።

ሥራዬ ሰሞኑን ተበላሽቶብኛል። ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙ የሚያወጣልኝ ውጤት ገጽ በገጽ የተንዛዛ ነበር። መውጣት ያለበት ቅንጣት በየመስመሩ አለ። እዚህ አለ፣ እዚያ አለ፣ ከሁሉም ጋር ይነካካል። ያልሠራሁትን ስህተት ስፈልግ ሰነበትኩ። በኋላ ዶክተር ዋምቡዪ ከኋላዬ ቆማ አየችውና «ፖሌ፣ አይዞሽ ማዕዶት፤ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም። ከባድ መሆኑን ማን ነገረው?» አለችኝ። ለካ ስመዘግበው «ከባድ» የምትለዋን ቃል ሳልጽፍ ትቼያታለሁ። ካልጻፍሽለት ቀላል ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ቀላል ከሆነ ደግሞ አያስወጣውም። አብሮሽ ይኖራል።

ለምን እንደተውኳት አላውቅም። ስመዘግብ ዓይኔ እያየ አለፍኳት።

መልካም ገና ይሁንላችሁ።

ልጅሽ ማዕዶት


ሆሳዕና
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማዕዶት፣ ያስጀመረሽ ጌታ ያስጨርስሽ፤ የድካምሽን ፍሬ ያብላሽ።

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም፣ ትስቂብኛለሽ። ምርቃት «ወረቀቱ አለቀ እኮ» ትለኛለች። ጃኬቴ ከብርድ እያዳነኝ ነው አለ? እንዲህ ብሎ በራሱ አፍ?

እኛንም ለገና ደውሎልናል። እንዳታስቢ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ደህና ነኝ አለ። ቁጥሩ ግን ስልኩ ላይ አልወጣም፤ የደወለልሽን ቁጥር ያኤል ይዛው ከሆነ ላኪልኝ። ቁጥሩን ብቻ። ሌላ ምንም አታድርጊ።

ጉሮሮዬ ተሽሎኛል። እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ ነበር። የኪሩቤልንም አልጋ ከሳሎን አስነስቼ ወደ ክፍሉ መልሼዋለሁ፤ አንሶላውንም አጠብኩት። ምርቃት ዝም ብላ ታየኛለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ይሆናል።

ሻይ ቅጠሉን ብትልኪው እጠጣለሁ።

አክስትሽ አጸደ


(ተጽፎ ያልተላከ)

ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እቴቴ፣

ለገና ደወለ? ማን ነው የደወለው?

ደብዳቤሽን አወቀ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። መልሼ ከላይ አነበብኩት። አወቀ በርጩማ ሰጠኝና «አክስትሽን አመማት እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ በጣም ደህና ናት» አልኩት።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍሬ ስመለስ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ቡናማ ጃኬት ለብሷል። ቁልፉን ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ኮንዳክተሩ «ሲስተር፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቲካ መንገድ ላይ የማየው ረዥም ሰው ሁሉ እሱ ነው። ዞር ሲል ሌላ ሰው ይሆናል።

ፊቱን አላየሁትም እኮ። ያየሁት ጃኬት ነው። መንገድ ላይ ልጆቹ ልብስ ይዋዋሳሉ፤ ለበረደው አውልቆ ሰጥቶት ቢሆንስ? ጋሽ ያዕቆብ ጋ ሄጄ «ማንን ነው የቀበርነው?» አልኳቸው።  «ልጄ፣ አንቺ አውቀዋለሁ አልሽ፣ እኔም አንቺን አመንኩ» አሉኝ። የሰው ልጅ ቀብሬ የወንድሜን ስም ጽፌበት ከሆነ፣ የዚያ ልጅ እናት እስካሁን ስልክ ትጠብቃለች ማለት ነው። 

ያኤል እዚሁ ናይሮቢ ስላደገች የእኛ ነገር አይገባትም። «ማዲ፣ ጀስት ቴል ሀር» ትለኛለች። «ደውዪላትና ንገሪያት። አይ ሚን፣ እናቱ ናት፤ ታውቅ የለ ወይ መደወሉን? አንዳችሁ ዋሽታችኋል።» መርዶ በስልክ አይነገርም ስላት «ሳሳ፣ ታዲያ በውሸት ነው እንዴ የሚነገረው?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ከተቆጣኋት በኋላ ግን ነገሯ አልወጣልኝም።

በጣም ፈርቻለሁ። የምፈራው ሞቶ እንደሆነ ነው ወይስ በሕይወት ኖሮ እንደሆነ፣ እሱንም አላውቅም።

ማዕዶት


ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ሻይ ቅጠሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ቁጥሩን ያኤል አልያዘችውም። ስለ ኪሩቤል አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ለገና ሲደውል ምን አለ? ቃል በቃል። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።

ልጅሽ ማዕዶት


ሆሳዕና
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት፣ የእናቶች አምላክ አይለይሽ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ። አወቀ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮብኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ገና አልጨረስኩም» ብዬ ባዶ እጁን መለስኩት። ይህችን አጭር ደብዳቤ ነው አልጨረስኩም ያልኩት፣ ታምኚያለሽ?

ደህና ነኝ ነው ያለው። ሌላ አላስታውስም። መስመሩም ጥሩ አልነበረም።

የላክሽውን ሻይ ለጎረቤት ሰጠሁት። አትቀየሚኝ። አልጋውንም ምርቃት መልሳ አወጣችው፤ ልከለክላት ነበር፣ ተውኩት። እሷም ወደ ዱራሜ ልሂድ አልሂድ እያለች ነው። እኔን ስታይ ትቀራለች።

ልጄ፣ አንቺስ? ድምፁን ሰምተሻል? በእርግጥ የእሱ ድምፅ ነበር?

አክስትሽ አጸደ


ናይሮቢ፣ ካሳራኒ
ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴም ለአክስቴም ለእቴቴ አጸደ፣

ይህን ደብዳቤ ስትከፍቺ ምርቃት ካጠገብሽ ትሁን። ከሌለች ሳታነቢው አስቀምጪውና ጥሪያት። እጠብቃለሁ።

እቴቴ፣ ደብዳቤዎችሽን በሙሉ አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ልክ እንደ ሥራዬ አነበብኳቸው። እኛ ከባዱን አናየውም ብዬሽ ነበር፤ በቀሩት ላይ ያደረገውን ነው የምናየው። እኔም የቀሩትን አየሁ። ሻይ የምትወጂ ሴት ሻይ ተውሽ። ሃያ ዓመት የዘመርሽ ሰው ዝማሬ ተውሽ። ምርቃት ብቻሽን እንዳታድሪ መጥታ ወራት ተቀመጠች። አልጋ ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። የደጃፍሽ ሣር በመስከረም፣ ዝናብ ባለበት ወር፣ ከሥሩ ተረጋግጦ ደረቀ። ሣር ላይ ምን እንደሚተከልና ስንት ሰው እንደሚቀመጥበት አውቃለሁ። ድንኳን ተተክሎ ነበር።

ታውቂያለሽ። ከእኔ ደብዳቤ በፊት ነው ያወቅሽው። ጥር ላይ የተሻለሽ ደግሞ እኔ ደውሎልኛል ስላልኩሽ ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፤ ልጅሽን አልቅሰሽ ከሸኘሽው በኋላ ተነሥቷል አልኩሽ።

አልደወለልኝም። ከዳሬሰላምም ከየትም አልደወለም። ዳሬሰላም አልደረሰም። ጃኬቴ እያዳነኝ ነው የሚለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መኪናው ከናማንጋ ወዲህ ተገልብጦ ፖሊስ ጠራኝ። ፊቱን አላሳዩኝም። ያሳዩኝ ጃኬቱን ነው፤ በሬሳው ላይ እንደተቆለፈ። ቡናማ፣ ከታች ሦስተኛው ቁልፍ ሰማያዊ፣ በነጭ ክር የተሰፋ። እዚህ ቀብረነዋል። ቸርቹ ሁሉ ነበር፣ ጋሽ ያዕቆብ ጸለዩ። እኔ አላለቀስኩም፤ አንቺ ሳትሰሚ ማልቀስ ነውር መስሎኝ ነበር።

አሁን አንቺ ለገና ደወለ ካልሽኝ ወዲህ ግን የቀበርኩትን አላውቅም። ጃኬቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ከሆነስ? ደውሎ ከሆነ ንገሪኝ። አልደወለም እንደሆነም ንገሪኝ። ፕሮግራሙ «ከባድ» ብለው ካልጻፉለት ሰውዬውን በየመስመሩ ይዞት ይዞራል። እኔም አንቺም አልጻፍነውም። እኔ ከዚህ በኋላ አብሬው መዞር አልችልም፤ ደክሞኛል።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ሐምሌን መጠበቅ አቃተኝ።

ልጅሽ ማዕዶት


ሆሳዕና
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማዕዶት፣

እንዳልሽው ምርቃትን ጠርቼ ነው ያነበብኩት። አነበብነውና ተያይዘን ቁጭ አልን።

አልደወለም፣ ልጄ። ለገናም ለምንም አልደወለም። ደወለ ያልኩሽ አንቺ እንዳታስቢ ብዬ ነው፤ ደግሞም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ያንን ስጽፍ ግማሹን አምኜው ነበር። ለአንቺ ከደወለ ነገ ለእኔም ይደውላል ብዬ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ማልደው መጡ። በሩ ሲንኳኳ ነው ያወቅኩት፤ በዚያ ሰዓት ለደግ የሚመጣ የለም። የሂሻም አባት ነበር ከፊት። ሂሻም፣ ያ የገበያው ጥግ ልጅ፣ ከኪሩቤል ጋር አንድ መኪና ላይ ነበር። መኪናው ሲገለበጥ ተወርውሮ ወድቆ፣ ፖሊስ ሳይደርስ ሸሽቶ፣ ጆበርግ ሲደርስ ነው ለአባቱ የደወለው። «ኪሩቤል ሲነሣ አላየሁትም» ነው ያለው። «ሲሞት አየሁት» አላለም። እኔ ድንኳን ተከልኩ፣ አለቀስኩ፣ ሰው አጽናናኝ፤ ግን «አላየሁትም» የምትለዋ ቃል ውስጤ ቀርታ ነበር። የአንቺ ደብዳቤ የገባው በእሷ ነው። ጥር ላይ አንሶላ ሳጥብ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ አበደች ብሏል።

አንቺን እንዳንነግርሽ የተማከርነው እዚሁ ሳሎን ነው። «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ በፈተና ላይ ናት፣ በወረቀት አይነገርም፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ተባለ። እኔ ነኝ የመጨረሻውን ቃል የተናገርኩት፤ «ስትመጣ ከእኔ አፍ ትስማ» አልኩ። አንቺም ያልሽው ይህንኑ ኖሯል። እንግዲህ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ?

አሁን ስለ ጃኬቱ ስሚኝ። ያ ሰማያዊ ቁልፍ የእኔ ካፖርት ቁልፍ ነው። የሚሄድ ቀን ጠዋት አንዱ ቁልፍ ወልቆ አየሁና ከራሴ ቆርጬ ሰፋሁለት፤ ነጭ ክር ነበር እጄ ላይ የነበረው። ሂሻም ለአባቱ የነገረው ሌላም ነገር አለ። መኪናው ላይ ሌሊት በርዶት ጃኬቱን ላንድ አፍታ አውሰኝ ብሎት ነበር። ኪሩቤል «እናቴ ከካፖርቷ ቆርጣ የሰፋችበትን አላወልቅም፤ ከፈለግክ ና ግባበት» ብሎት አንድ ላይ ተጠቅልለው ሳቁ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው የተገለበጠው። አላወለቀውም፣ ልጄ። የቀበርሽው እሱን ነው። የሰው ልጅ አልቀበርሽም። ወንድምሽን በእጅሽ ቀብረሽዋል፤ ስለዚህም እድሜሽ ይርዘም።

አየሽ፣ ግማሹ አንቺ ጋ፣ ግማሹ እኔ ጋ ነበር። ይኸው ገጠምነው፣ አንድ ሰው ሆነ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው ይላሉ፤ የእኔው እንኳ በሕይወቱም ረዥም ነበር፣ አላጋነንኩም። መዝገብሽ ላይ ጻፊው። ስሙ ኪሩቤል። ከሁላችንም ጋር ይነካካል። ከባድ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። እኔ ሰው ማልዶ መጥቶ ነገረኝ፣ ደገፈኝ፣ አስለቀሰኝ። አንቺን ማንም አልነገረሽም። ለራስሽ ነግረሽ፣ ለራስሽ ፈርመሽ፣ ደርቀሽ ቀረሽ። ለራሱ መርዶ የሚነግር ሰው የለም፤ ደግ አይደለም። ስለዚህ ለጋሽ ያዕቆብ በአወቀ እጅ መልእክት ልኬላቸዋለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ሳምንት፣ ቅዳሜ ማልደው ይመጣሉ። ሲያንኳኩ ክፈቺላቸው። የምታውቂውን ነው የሚነግሩሽ፤ ቢሆንም እንዳልሰማሽ ሆነሽ ተቀመጪ፣ ይንገሩሽ። ያኤል ከጎንሽ ትሁን፣ ክንድሽን ትያዝ። እሷም ትማረው። ከዚያ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ፤ ማንም ዝም በይ አይልሽም። እኔም እዚህ በዚያው ሰዓት እነሣለሁ።

ስታበቂ ደውዪልኝ። ጆሮዬ ምንም አልሆነም።

አክስትሽ አጸደ